ልጁ ይማር፤ ዕዳውስ?



በቅርቡ አንድ አባት ከልጃቸው ጋር ሆነው ቢሯችን ጎራ ብለው ነበር። የመጡት ከግንደወይን ነው። ግንደወይን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አባት የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ መርካቶ ዕቃ ሊጭኑ መጥተው ነው ያገኘናቸው። ልጃቸው የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፏል። ይህ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አገር አቀፉን ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ።

ልጁ የሜካኒካል ምሕንድስና ቴክኖሎጂ እማራለሁ ይላል። የአባት ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ይማርልኝ፣ አላህ ይጨመርበት። ነገር ግን እኔ መበደር አልለመድኩም። ለአምስት ዓመት ትምህርት ዕዳ ብገባ፣ ልጁ ተመርቆ ያወጣኛል ወይ? በዲኔስ እጠየቅበታለሁ?» አሉን።

እኝህ አባት ዕዳን መፍራታቸው ከእምነታቸው የመነጨ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በሶላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ በቀረበላቸው ጊዜም አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ዕዳውን በራሳቸው ላይ እስኪወስዱ ድረስ አልሰገዱበትም። ይሁንና መበደር ራሱ ሐራም አልተደረገም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው፣ ብድር በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ የሚያዘው ነው። ችግሩ ሪባ የገባበት ብድርና ሳይሰላ የተገባ ዕዳ ነው። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣንና አብረን መቁጠር ጀመርን።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው በነፃ የሚማር ይመስለዋል። አይደለም። የወጪ መጋራት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ወዲህ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው፤ ከወር ገቢው ቢያንስ አንድ አሥረኛ እየተቆረጠ በ15 ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ብዙ ወጣቶች ይህን ውል የሚፈርሙት ሳያነቡት ነው። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲሄዱና «መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል» ሲባሉ ነው የፈረሙት ትዝ የሚላቸው። ወንድሞችና እህቶች፣ የምትፈርሙትን አንብቡ፤ ቅጂውንም ቤት አስቀምጡ።

ታዲያ ከመንግሥቱ ዕዳ ይልቅ ያስጨነቀን የቤተሰቡ ዕዳ ነው። የመንግሥቱ ልጁ ገቢ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ለልብስ፣ ለመጓጓዣ፣ ለኪስ ገንዘብና ለኮምፒዩተር ከገበያ ሰው የተበደሩት ግን አይጠብቅም። አባትም ያሰቡት ይህንኑ ነበር፤ ከአንድ ዘመድ ተበድረው ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ደመወዙ እንዲከፍልላቸው።

እስቲ ደመወዙን እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100 ብር፣ የጡረታ መዋጮ 805 ብር ይነሳል። የወጪ መጋራቱ አንድ አሥረኛ 1,150 ብር ነው። በእጁ የሚገባው 7,445 ብር ይሆናል። ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከተመደበ ከዚህ ላይ ቤት ይከራያል፣ ይበላል፣ ይጓጓዛል። ልጁ ቁጥሩን አይቶ ዝም አለ። አባት ግን ሳቅ አሉና «ይህማ ለራሱም አልበቃ፤ እኔን ከየት አምጥቶ ሊያወጣኝ!» አሉ።

ጊዜውም ይቆጠር። ምሕንድስና በአገራችን አምስት ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተናን 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናውን በድጋሚ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን እስኪያልፍ ድረስ የሚጠብቀው ልጁ ብቻ ሳይሆን አበዳሪውም ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተፈጠረው ግጭት የትምህርት ዘመንን እንዴት እንዳጓተተ የግንደወይን ሰው ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

እንግዲህ ትምህርቱ ይቅር ማለታችን ነውን? በፍጹም! የእጅ ሙያ ያለው ትምህርት ለሙስሊሙ ቤተሰብ ያለውን ዋጋ ማንም አያስተምረንም። በጎጃምና በሌላውም ደጋ አባቶቻችን ለዘመናት ርስት ተከልክለው የኖሩት በሽመናና በንግድ ነው። ንግድ ደግሞ የሚቃጠል ነገር አለው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች በተቃጠሉ ጊዜ የአንዳንዱ ሰው የዕድሜ ልክ ልፋት በአንድ ቀን አመድ ሆኗል። እኝህ አባት ልጃቸው ሱቁን ከመውረስ ይልቅ ሙያ እንዲይዝ የፈለጉበትን ምክንያት ሳይነግሩንም ተረድተነዋል። ብረት ቀጥቃጭን መናቅ የአገራችን የቆየ በሽታ ነው፤ አላህ ግን ብረትን ያገራው ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ነው፣ የጥሩር አሠራርንም ያስተማረው እርሳቸውን ነው። ነቢይ የሠራበትን ሙያ ማን ይንቃል?

ጥያቄው በየትኛው በር ይገባ የሚለው ነው። ሜካኒካል ምሕንድስና በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። የባሕር ዳሩ ከጥንቱ ፖሊ የወረሰው ነው፤ ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመ ነበር። ምሕንድስናው ወደ ሒሳብና ወደ ንድፍ ያደላል። ቴክኖሎጂ የሚባለው ዘርፍ ደግሞ ወደ ማሽኑ ይቀርባል፤ በአዲስ አበባ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ለምሳሌ የኮሌጅ አሠልጣኞችን በዲግሪ የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው። በአሜሪካ ሁለቱ የሚመዘኑት በተለያየ ኮሚሽን ሲሆን፣ በአንዳንድ ግዛቶች የቴክኖሎጂ ተመራቂ የመሐንዲስነት ፈቃድ ለማውጣት ተጨማሪ የልምድ ዓመታት ይጠየቃል። እዚያ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ የተማሪ ብድሩ ወለድ ያለው መሆኑን አትርሱ፤ በእናንተ ዘንድ ጉዳዩ ከኪስ አልፎ የሪባ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ በር አለ፤ እኛ ለብዙ ቤተሰብ የሚቀል የሚመስለን እርሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን በመሰለ ቦታ ሥልጠናውን እስከ ደረጃ 4 መጨረስ፣ የብቃት ምዘናውን ማለፍ፣ እየሠሩ ቆይቶ ወደ ዲግሪ መሸጋገር። የስም ክብሩ ያንሳል፤ «ዩኒቨርሲቲ አልገባም» ይባላል። ይሁንና ቶርኖ የሚያዞር፣ የወፍጮ ኩሽኔታና ቺንጋ የሚቀይር፣ የመስኖ ፓምፕ የሚጠግን፣ ብየዳ የሚችል ሰው በቢቸናም በሞጣም ገበያ ሥራ አያጣም። የራሱን ማሽን ልግዛ ባለ ጊዜም የወለድ በር ብቻ አይደለም የሚጠብቀው። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሒጅራም ተከትሏል፣ በሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አለ። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል።

የዚህ ልጅ ውጤት ግን ጥሩ ነው፤ ሒሳብ ይወዳል። ለእንዲህ ያለው ዩኒቨርሲቲው ይገባዋል ብለን እናምናለን። ያልተስማማነው በብድሩ ነው። አባት ከዘመድ የሚወስዱት ካለ ቀርዱን ሐሰን ይሁን፣ የሚከፈልበትም ቀን ከምርቃቱ ጋር አይታሰር፤ ከሱቁ ገቢ ሊከፈል በሚችል መጠን ይወሰን አልናቸው። የሚበቃቸውን አስልተው ካሰቡት ግማሹን ቀነሱት። ኮምፒዩተሩ ለሦስተኛው ዓመት ተላለፈ።

ከዚያ ልጁን ዞረን «ቶርኖ ሲዞር አይተህ ታውቃለህ?» አልነው። አንገቱን ደፋ። ያየው የወፍጮ ጠጋኝ በገበያ ቀን ኩሽኔታ ሲቀይር ብቻ ነው፤ ሥራውን የወደደውም ያኔ እንደሆነ ነገረን። አባት ገረማቸው፤ እርሳቸውም አያውቁም ነበር።

«እንግዲያስ ምርጫህን ከመሙላትህ በፊት ደብረ ማርቆስ ሂድና ዎርክሾፑን እየው» አልነው።

ልጁ ወደ አባቱ ተመለከተ። «አባባ፣ ስንመለስ ዕቃው ሲራገፍ ልሂድ?»

«ዕቃውን እኔ አራግፈዋለሁ» አሉ አባት። «አንተ ከደጀን ላይ ወርደህ በዚያው ሂድ።»