ወደቡን ማን ይከፍታል? የኑክሌር መርከቦችና ኒው ዚላንድ

እ.ኤ.አ. በ1976 ትራክስተን የተባለው በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀስ የአሜሪካ የጦር መርከብ የኒው ዚላንድ ዋና ከተማ ዌሊንግተን ሲደርስ፣ የወደቡ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ተቀበሉት። በዚያው ዓመት ሎንግ ቢች የተባለው ሌላው የአሜሪካ የጦር መርከብ ወደ ኦክላንድ ከተማ ወደብ ሲገባ ደግሞ ቄስ ጆርጅ አርምስትሮንግ ያስተባበሯቸው ሰዎች በጀልባና በታንኳ መንገዱን ሊዘጉበት ወጡ።

ሙግቱ ሁለት ነገሮችን ያዘለ ነበር። መርከቡ በኑክሌር ኃይል ይሂድ አይሂድ ይታወቃል፤ የኑክሌር መሣሪያ ይጫን አይጫን ግን አይታወቅም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መልስ «አናረጋግጥም፣ አናስተባብልም» ነው። ምስጢሩ የታሰበው ጠላትን ለማደናገር ቢሆንም፣ ከቤቱ መስኮት መርከቡን የሚያየውን ነዋሪም እኩል ያሳውረዋል። የከተማ ሰው ደጃፉ ላይ የቆመውን ነገር ማወቅ መፈለጉ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

በ1984 ዴቪድ ላንጊ በምርጫ አሸንፈው የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካ ቡካነን የተባለውን መርከቧን ልላክ አለች። ቡካነን በኑክሌር ኃይል አይንቀሳቀስም፤ የኑክሌር መሣሪያ መተኮስ ግን ይችላል። ዋሽንግተን ስለ ጭነቱ ምንም አልናገርም ስትል የላንጊ መንግሥት ፈቃድ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የፈረንሳይ ሰላዮች የአገራቸውን የኑክሌር ሙከራ ይቃወም የነበረውን የግሪንፒስ ድርጅት መርከብ ሬይንቦው ዋሪየርን እዚያው ኦክላንድ ወደብ ውስጥ በቦምብ አሰጠሙ፤ አንድ ሰው ሞተ። ሕዝቡ በፀረ ኑክሌር አቋሙ ይበልጥ ጸና። በ1986 አሜሪካ በመርከቦች ክልከላው ምክንያት በአንዙስ ስምምነት ለኒው ዚላንድ የገባችውን የመከላከያ ግዴታ አገደች።

በ1987 በኒው ዚላንድ የወጣው ሕግ ብልሃት የሚገርም ነው። በኑክሌር ኃይል የሚሄድ መርከብ ጨርሶ አይገባም። ስለ መሣሪያው ግን መርከቡን «ተናገር» አይልም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባለው መረጃና ምክር መሠረት መሣሪያ አለመኖሩን ራሱ አምኖ ሲፈቅድ ብቻ ይገባል። የጃፓኗ ኮቤ ከተማ ምክር ቤት በ1975 የመረጠው መንገድ የተለየ ነበር፦ መርከቡ ራሱ ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ አለ። የአሜሪካ የጦር መርከቦችም ለአሥርተ ዓመታት ኮቤን ሳይረግጡ ቀሩ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ1991 ታክቲካዊ የኑክሌር መሣሪያዎች ከባሕር ላይ መርከቦች እንዲነሡ አዘዙ። ያም ሆኖ የሁለቱ አገሮች ቅሬታ ሌላ ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ፤ ሳምፕሰን የተባለው የአሜሪካ መርከብ ለኒው ዚላንድ ባሕር ኃይል 75ኛ ዓመት በዓል የመጣው በ2016 ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የኒው ዚላንዷን ካይኩራ ከተማ ርዕደ መሬት ሲመታት፣ መርከቡ ወደ በዓሉ ከመሄድ ይልቅ ለእርዳታ ወደዚያ አቀና። እንግዳ ተብሎ የመጣው መርከብ የተጎጂዎች ደራሽ ሆነ።

ሕጉ ዛሬም አልተነካም፤ አሁን ደግሞ የቅርብ ጎረቤትን ይነካል። አውስትራሊያ በ2021 በኑክሌር ኃይል የሚንቀሳቀሱ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች እንደሚኖሯት ስታስታውቅ፣ የወቅቱ የኒው ዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃሲንዳ አርደርን መርከቦቹ ወደ አገራቸው የውስጥ ውኃ እንደማይገቡ ወዲያው ተናገሩ።