ያልተቆለፈው ደብተር

አንባቢ ሆይ፤ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ኬሚስት የሥራ ደብተሩን ምን የሚያደርገው ይመስልዎታል? ቆልፎ ያኖረዋል። ሙከራው ባይሳካለት እንኳ ለማንም አይናገርም፤ ስለዚህ በሌላ አገር ያለው ባልደረባው ያንኑ ከንቱ ድካም እንደገና ይደክማል።

በአውስትራሊያ የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት ማቲው ቶድ ግን እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለወባ መድኃኒት ፍለጋ ደብተሩን ከፈቱት። የየዕለቱ ሥራ፣ ያልተሳካውም ሳይቀር፣ በኢንተርኔት ይገለጣል፤ የፈለገ ይተቻል፤ የቻለ ያግዛል፤ የፓተንት መብትም አይጠየቅበትም። ለመነሻ የሆናቸው፣ ግላክሶ ስሚዝክላይን የተባለው ኩባንያ በ2010 በይፋ የገለጣቸው ከ13,000 የሚበልጡ ንጥረ ነገሮች ነበሩ።

የተማሪዎቹን ነገር ደግሞ ልንገርዎ። ዳራፕሪም ለወባ የተሠራ የቆየ መድኃኒት ነው፤ በኋላ ቶክሶፕላስሞሲስ ለተባለው በሽታ ዋና መድኃኒት ሆነ። በ2015 በአሜሪካ የአንዱ ክኒን ዋጋ ከ13.50 ዶላር ተነሥቶ 750 ዶላር ገባ። በ2016 የሲድኒ ግራመር ትምህርት ቤት ልጆች፣ በእነ ቶድ ምክር፣ የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር በትምህርት ቤታቸው ላቦራቶሪ ሠሩት። ያወጡት 3.7 ግራም ነው፤ ወጪውም 20 ዶላር ግድም! በአሜሪካው የክኒን ዋጋ ቢሰላ ከ100,000 ዶላር በላይ ነበር። የሠሩበትንም መንገድ አልደበቁም።

እርግጥ፣ የልጆቹ ዱቄት በአሜሪካ እንዲሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። ከእነ ቶድም ሥራ እስከ ዛሬ መድኃኒት ቤት የደረሰ አዲስ የወባ መድኃኒት የለም። ፓተንት ከሌለ፣ በሰው ላይ ለሚደረገው ውድ ሙከራ ገንዘቡን ማን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ ከኬሚስቱ ይልቅ በጀት ለሚመድበው ሹም የሚቀርብ ነው።