መጀመሪያ ፖርቶን፣ ከዚያ መንገዱን

በስፔን ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ወደሚገኘው የሐዋርያው ያዕቆብ መካነ መቃብር በእግራቸው ከሚጓዙ ተሳላሚዎች ጥቂት የማይባሉት የሚነሡት ከፖርቱጋሏ ፖርቶ ነው። በመሀል አገር በሚያልፈው መንገድ ርቀቱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ያለው ሰው ሳይጣደፍ ይደርሳል። ከአውሮፕላን ወርደው በማግሥቱ ማለዳ መንገድ የሚጀምሩ አሉ። እኔ ግን ለከተማዋ አንድ ሙሉ ቀን ስጧት ባይ ነኝ።

ፖርቶ የዶውሮ ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስን ሊቀላቀል ሲቃረብ፣ በገደላማው ዳርቻ ላይ የተሠራች ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1415 ወደ ሰሜን አፍሪካዋ ሴውታ ለሚዘምቱት መርከቦች ነዋሪው ሥጋውን ሁሉ ለስንቅ ሰጥቶ ለራሱ ጨጓራውን ብቻ አስቀረ ይባላል። እውነትም ሆነ ተረት፣ ከነጭ ቦሎቄ ጋር የሚሠራው የጨጓራ ወጥ ዛሬም የከተማዋ ኩራት ነው። ዱለት እየበላ ያደገ ሰው አይግደረደርም።

ወንዙ ዳር ያለው ሰፈር ሪቤይራ ይባላል። እዚያ ግድግዳ ላይ የተተከለ አንድ የነሐስ ቅርጽ አለ፤ ቱሪስቱ ማዶ ማዶውን ሲያይ ሳያስተውለው ያልፋል። በ1809 የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ሲወር፣ ሕዝቡ ጀልባዎችን በማያያዝ በተሠራ ድልድይ ሲሸሽ ድልድዩ ተናደ፤ እጅግ ብዙ ሰው ወንዙ በላው። ቅርጹ የሚያሳየው ያንን ቀን ነው። ከሥሩ እስካሁን ሻማ ይበራል። ጥቂት አለፍ ሲሉ በ1886 የተመረቀው ባለ ሁለት ፎቅ የብረት ድልድይ ይገኛል፤ እግረኛ በላይም በታችም ይሻገራል።

ከሪቤይራ ወደ ካቴድራሉ የሚያወጣው ዳገት የጫማ መፈተኛ ነው። እዚህ ተረከዝዎን የላጠ ጫማ ነገ 25 ኪሎ ሜትር አይወስድዎትምና ሱቅ ሳይርቅ ይቀይሩት። ግንባታው በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጀመረው ካቴድራል የተሳላሚውን ደብተር ይሸጣል፤ የመጀመሪያውን ማኅተም እዚያው ያስመቱ። በየማደሪያው የሚመታው ማኅተም ሳንቲያጎ ሲደርሱ የምስክር ወረቀት ያሰጣል፤ ለዚያ ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ግድ ነው።

መንገዱን የሚመሩት በግድግዳና በድንጋይ ላይ የተቀቡ ቢጫ ቀስቶች ናቸው። ሰማያዊ ቀስት ካዩ አይከተሉ፤ እሱ ወደ ደቡብ፣ ፋጢማ ወደተባለችው ሌላዋ የተሳላሚዎች መዳረሻ ነው የሚወስደው።