የተመዘዘ ችግኝ

ሐምሌ በደብረ ታቦር የጉም ወር ነው። የጉና ተራራ ከነመኖሩ የሚረሳበት ቀን አለ፤ ጠዋት የጀመረው ዝናብ ከሰዓት ለጥቂት ጋብ ይልና ማታ ይቀጥላል። በዚህ ወር መስኮት ሥር በጣሳ የተዘራ የማሪጎልድ ችግኝ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፦ ግንዱ እንደ ክር የቀጠነ፣ ነጣ ያለ፣ ሁለት ትንንሽ ቅጠል ተሸክሞ ወደ መስታወቱ ያዘነበለ። ብዙ ሰው «እጄ ለአበባ አይሆንም» ብሎ የሚደፋው እዚህ ላይ ነው። አይድፉት፤ ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ችግኝ ነው።

ማሪጎልድ ለደጋ ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ቢሆንም በዘር ሐረጉ ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ረዥሙንና ባለ ትልቅ ራሱን ዓይነት አውሮፓውያን «የአፍሪካ ማሪጎልድ» ይሉታል፤ ስሙ ስህተት ነው፤ እሱም የመጣው ከዚያው ከሜክሲኮ ነው። አጭሩ ዓይነት ከጣሳም ከአጥር ሥርም ይስማማል፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ዘሩን ሲገዙ ግን ፓኬቱን ከፍተው ይዩ። የማሪጎልድ ዘር ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ላይ ነጣ ያለ ጭራ አለው። እንደ ትል የተጠማዘዘና ሻካራ ከሆነ ካሌንዱላ የሚባል ሌላ አበባ ነው።

ችግኙ ለምን ይመዘዛል? መልሱን የደቡብ ጎንደር ድንች አምራች ከእኔ በፊት ያውቀዋል። በጨለማ ጎጆ የተከማቸ የዘር ድንች ነጭ፣ ረዥም፣ ሲነኩት የሚሰበር ቡቃያ ያወጣል። ያው ድንች ብርሃን በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ቡቃያው አጭር፣ አረንጓዴና ደንዳና ይሆናል። ማሪጎልድም እንዲሁ ነው። ብርሃን ሲያንሰው ያለውን ጉልበት ሁሉ ቁመት ላይ ያፈስሳል፤ ቅጠልና ሥር የሚሠራው ብርሃኑ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ወደ መስኮቱ የሚያዘነብለው ደግሞ ኦክሲን የሚባለው የእድገት ንጥረ ነገር ጥላ ወዳለበት ጎን ስለሚሄድና የዚያን ጎን ሕዋሳት ስለሚያስረዝም ነው። ቻርለስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የሣር ቡቃያን ጫፍ ሸፍነው መታጠፉን እንደሚተው አሳይተዋል፤ ብርሃኑን የሚያየው ጫፉ ነው ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ መጠጋጋት። ቡቃያ ከጎረቤቱ ቅጠል ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን ለይቶ ያውቃል፤ ጎረቤት እንዳለው ሲያውቅም ለመቅደም ይሽቀዳደማል። ጤፍ እንደሚዘራው እፍኝ ሙሉ ዘር በአንድ ጣሳ መበተን ችግኙን ማስመዘዝ ነው።

ስለዚህ ዋናው መድኃኒት ጊዜው ነው። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቆላ ላይ ከዘር እስከ አበባ ሁለት ወር የሚፈጀው እዚህ ይረዝማል። እኔ የምዘራው ግንቦት መጀመሪያ ነው። ያኔ ፀሐይ አለች፤ ደመናው ሲከብድ ችግኙ ጠንክሮ ይጠብቀዋል፤ መስከረም ላይም ከአደይ ጋር እኩል ያብባል። ዘሩን ጣት በጣት አራርቀው ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር ያልብሱት። ሙቀት ካገኘ በሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። መስኮት ሥር ከማስቀመጥ ይልቅ ግቢ ውስጥ በቀስት ቅርጽ በተተከሉ እንጨቶች ላይ ነጭ ላስቲክ ዘርግተው ከሥሩ ያኑሩት፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ይገባል፣ በረዶም አይመታውም። ጎንና ጎኑ ክፍት ይሁን፤ አየር ያጣና ሁልጊዜ የረጠበ ቡቃያ አፈሩ ጋ ያለው አንገቱ ጠቁሮ ይወድቃል፤ እንዲያ የሆነው አይድንም።

የተመዘዘው ግን ይድናል። የማሪጎልድ ግንድ እንደ ቲማቲም ነው፤ አፈር ከለበሰ ከጎኑ ሥር ያወጣል። ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ቀጥሎ የተሰነጣጠቀው እውነተኛ ቅጠል ሁለት ጥንድ ሲሆን ወደ ሰፊ ዕቃ ያዛውሩት። ከሥሩ የተበሳ የዘይት ጀሪካን ወይም ጣሳ ይበቃል። አፈሩ ሦስት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ይሁን፤ ዋልካ ብቻውን ውኃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። ችግኙን ከማዛወርዎ አንድ ሰዓት በፊት ያጠጡት። ሲያነሱት በቅጠሉ ይያዙት፤ የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አይተካም። በማንኪያ ጫፍ ከነአፈሩ ያውጡትና በጣት በተሠራ ጉድጓድ ውስጥ እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ይቅበሩት። ግንዱ ከመጠን በላይ ከረዘመ ትንሽ ጋደም አድርጎ መቅበርም ይቻላል። አፈሩን ቀለል አድርገው ጫን ይበሉ፣ ውኃ ያጠጡ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ጥላ ይስጡት።

መጀመሪያ ቀን ይጠወልጋል። አይደንግጡ፣ ውኃም አይደራርቡበት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጥፍር ይቁረጡት፤ ከጎን ቅርንጫፍ ያወጣና ቁጥቋጦ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ልብ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ አንድ አበባ አጥተው ስድስት ያገኛሉ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ውጭ እያዋሉ፣ ማታ ማታ እያስገቡ ያላምዱትና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ መሬት ላይ ይትከሉት።

ማሪጎልድ ድንችን ከበሽታ ይጠብቅ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። የማሪጎልድ ሥር አንዳንድ በዓይን የማይታዩ የሥር ትሎችን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ማሳውን ሸፍኖ ለወራት ሲበቅል ነው። በማሳው ዳር የተተከሉ አምስት እግር አበቦች ድንችን ከዋግም ከማጠውለግም አያድኑም፤ የሚያድኑ የመሰለው ሰው መከላከያውን ትቶ ሰብሉን ያጣል።

ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ ይመጣል፤ ማሪጎልዱን በአንድ ሌሊት ያጠቁረዋል። ከዚያ በፊት የደረቁትን ራሶች በፀሐያማ ቀን ለቅመው፣ ዘሩን በወረቀት ጠቅልለው፣ ወሩን ጽፈው ደረቅ ቦታ ያኑሩት። አንድ ራስ ለራስዎ ይበቃል፤ የሌላውን ዘር ባለፈው ሐምሌ ችግኙን ለደፋው ጎረቤት ይስጡት፣ ግንቦት ላይ እንዲዘራውም ይንገሩት።