ሊንኩ ያው ነው፣ ጽሑፉ ግን ይለወጣል
ከኢንተርኔት ማመሳከሪያ መረጃ የሚለዋወጡ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የኢንተርኔት ጽሑፍ ግን እንደ ወረቀቱ አይደለም። ዛሬ የተነበበው ነገ ተስተካክሎ፣ ወይም ከነአካቴው ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። ነጋዴው፣ ደላላውና ባለሀብቱ ስለ አንድ ዕቃ ደረጃ ወይም ስለ አንድ አገር ገንዘብ ለማወቅ ዊኪፔዲያን የመሰሉ ማመሳከሪያዎችን ከፍቶ ሊንኩን በቴሌግራም ለሸሪኩ ሲልክ፣ ተቀባዩ የሚያነበው እርሱ ያነበበውን ላይሆን እንደሚችል ሊያውቅ ይገባል።

እንደሚታወቀው ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር የተጀመረ ሲሆን፣ አብዛኛውን ገጹን ማንም ሰው ሊያርመው ይችላል። ይህም ለፈጣን እድገቱ ምክንያት የሆነውን ያህል ይዘቱ በየጊዜው እንዲለዋወጥ አድርጎታል። ተራው ሊንክ ምንጊዜም የሚከፍተው የመጨረሻውን ጽሑፍ ነው። ሆኖም የቀድሞው ጽሑፍ አይጠፋም። እያንዳንዱ እርማት ከነቀኑና ከነሰዓቱ በገጹ ታሪክ ውስጥ ይመዘገባል፤ የየራሱም አድራሻ አለው። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ‹ቱልስ› ከሚለው ዝርዝር ‹ፐርማነንት ሊንክ› የሚለውን መርጦ የሚገኘው አድራሻ ከተላከ፣ ገጹ በሙሉ ካልተሰረዘ በስተቀር ተቀባዩ ከዓመት በኋላም የሚያነበው ላኪው ያነበበውን ጽሑፍ ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ መሆኑን አንድ ምሳሌ ያሳያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። በዚሁ ተመን ሲሰላ የ100,000 ዶላር ግምት ከ5,748,000 ብር ወደ 7,473,000 ብር ከፍ አለ፤ ልዩነቱ 1,725,000 ብር ነው። በዚያን ሳምንት ቀደም ሲል ባስቀመጠው ገጽ ተማምኖ ዋጋ የቆረጠ ሰው ቢኖር ኪሳራው ቀላል አይሆንም ነበር። ኢንሳይክሎፔዲያ የአንድን ገንዘብ ታሪክና አሠራር ለማወቅ ይጠቅማል። ዋጋ የሚቆረጠው ግን ባንክ በዕለቱ ባወጣው ተመን ነው።

ቁጥር ሲላክ ቀኑ ብቻ ሳይሆን መለኪያውም አብሮት መሄድ አለበት። ለምሳሌ በኒውዮርክ የአረቢካ ቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ሲሆን፣ ስሌቱም በአሜሪካ ሳንቲም ነው። በእኛ አገር ገበያ የሚታወቀው ፈረሱላ 17 ኪሎ ወይም 37 ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው። መለኪያውን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ የሚልክ ሰው ለክርክር በር ይከፍታል።

ሌላው ጥያቄ ሊንኩ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ብዙዎች በስልካቸው ወይም በኮምፒዩተራቸው ዕልባት አድርገው ያስቀምጣሉ። ይህ ጥሩ ቢሆንም ዕልባቱ የሚይዘው አድራሻውን እንጂ ጽሑፉን አይደለም። ዕልባት የሚያስቀምጡ ድርጅቶችም ቢሆኑ ዘላቂ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ በ2005 ያሁ የገዛው ዲሊሸስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ2017 አዲስ ዕልባት መቀበል አቆመ። ፖኬት የተባለውም በሐምሌ 2025 ተዘግቷል።

ገጾቹ ራሳቸውም ይጠፋሉ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች 38 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ አልተገኙም። በዊኪፔዲያም 54 በመቶ የሚሆኑት ገጾች በምንጭ ዝርዝራቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የማይከፈት ሊንክ አላቸው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ ‹ዋይባክ ማሽን› በተባለው አገልግሎቱ የድሮ ገጾችን ቅጂ ይዞ ይገኛል። ማንም ሰው የሚፈልገውን ገጽ አድራሻ አስገብቶ በዕለቱ ያለውን ቅጂ በነፃ ማስቀመጥ ይችላል። ቅጂውን የማይቀበሉ አንዳንድ ገጾች ስላሉ ግን መቀመጡን ከፍቶ ማረጋገጥ ያሻል።

ስለሆነም መረጃ የሚልክ ሰው በቅድሚያ ከገጹ ግርጌ የተጠቀሰውን ምንጭ ይክፈት፤ ምንጩ ካልተከፈተ ወይም የተባለውን ካልያዘ መረጃውን ለውል አይጠቀምበት። ቀጥሎ ቋሚውን አድራሻ ወይም የተቀመጠውን ቅጂ ይላክ። ከሊንኩ ሥር ያየበትን ቀንና የቁጥሩን መለኪያ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ቀኑም የኢትዮጵያ ይሁን የፈረንጅ ይለይ። ስክሪንሹት ብቻ የደረሰው ደላላም ሊንኩን መጠየቅ አለበት፤ ሥዕሉ መቼ እንደተነሳና ከየት እንደመጣ አይናገርምና።