«ፋይል ማካተት»፦ የአንድ ሙያዊ ሐረግ ፍችና አሰያየም

የኮምፒዩተር ደኅንነት ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚያጋጥሟቸው ሐረጎች አንዱ «ፋይል ኢንክሉዥን ቨልነረቢሊቲ» የሚለው ነው። ሐረጉ በቃል በቃል ትርጉም የሚፈታ አይደለም። በአተረጓጎሙ ላይ የሚፈጸም ስሕተትም ከቋንቋ ጉድለት አልፎ፣ ማስጠንቀቂያው የደረሰው ሠራተኛ አደጋውን አቃሎ እንዲመለከት ያደርጋል። ስለዚህ አስቀድመን ፅንሰ ሐሳቡን፣ ቀጥለን ስያሜውን እንመረምራለን።

ሀ/ ፅንሰ ሐሳቡ

በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በልዩ ልዩ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል። ዋናው ፕሮግራም የራስጌውን ወይም የዜናውን ክፍል ሲፈልግ ፋይሉን በስሙ ጠርቶ የራሱ አካል ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ በቀረበው በፒኤችፒ ቋንቋ ይህ ተግባር «ኢንክሉድ» እና «ሪኳየር» በተባሉ ትእዛዞች ይከናወናል። የተጠራው ፋይል የፕሮግራም ትእዛዝ የያዘ ከሆነ ተነብቦ ብቻ አይቀርም፤ ይፈጸማል።

እንግዲህ ማካተት በራሱ ነውር የሌለበት መደበኛ ሥራ ነው። ነውሩ የሚመጣው ፕሮግራሙ የሚያካትተውን ፋይል ስም፣ ጎብኚው በአድራሻው ላይ ከጻፈው ቃል ሳያጣራ የተቀበለ እንደሆነ ነው። «ዜና» ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ ተንኮለኛው የሌላ ፋይል ስም ቢተካ፣ ፕሮግራሙ ታዝዞ ያንኑ ያካትታል። ማይተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በሚያዘጋጀው የሶፍትዌር ድክመቶች ዝርዝር ውስጥ በቁጥር 98 የተመዘገበው ይህ ጉድለት፣ በርእሱ የሚያነሣው የፋይል ስም ቁጥጥር መጓደልን ነው።

ለ/ «ማካተት» ወይስ «ማስገባት»?

«ፋይል» በመሥሪያ ቤት ቋንቋ የተለመደ ስለሆነ እንዳለ ይያዛል። ለ«ኢንክሉዥን» ግን «ማስገባት»፣ «መጫን» እና «ማካተት» ሊታሰቡ ይችላሉ። «ማስገባት» ተጠቃሚው መረጃ ለሚሰጥበት ተግባር ይውላል። «መጫን» ፋይልን ከራስ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨር መላክን ያመለክታል፤ ይህም የራሱ የሆነ ሌላ ጉድለት አለው። ከ«ከተተ» ሥር የወጣው «አካተተ» ግን አንዱን ነገር የሌላው ክፍል ማድረግን ስለሚገልጽ ይመረጣል።

ለ«ቨልነረቢሊቲ» «ተጋላጭነት» ተገቢ ነው። «ጥቃት» ማለት ግን አይገባም፤ ቤት ሳይዘጋ ማደሩ ሌላ፣ ሌባ መግባቱ ሌላ ነውና።

ሐ/ የቅጽሎቹ ፈተና

ተጋላጭነቱ «ሎካል» እና «ሪሞት» ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ቅጽሎቹ የሚያመለክቱት የፋይሉን መገኛ እንጂ የአጥቂውን መቀመጫ አይደለም። ፋይሉ በዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ከሆነ «ሎካል»፣ ከሌላ ሰርቨር የሚጠራ ከሆነ «ሪሞት» ይባላል፤ አጥቂው በሁለቱም ረገድ በሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። «አካባቢያዊ የፋይል ማካተት ተጋላጭነት» የሚል ማስጠንቀቂያ ያነበበ ሰው ግን ቅጽሉን ለ«ተጋላጭነት» ሰጥቶ፣ አደጋው በግቢው ካለ ሰው ብቻ የሚመጣ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ እንዲያውም ተቃራኒ ነው። የውጭውን በር ፒኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 5.2 እትሙ፣ ባለቤቱ ፈቅዶ ካልከፈተው በቀር፣ ዘግቶታል። የውስጡ ግን በፕሮግራም ጸሐፊው ጥንቃቄ ላይ የቆመ ነው። አጥቂው በሚልከው ጥያቄ ውስጥ የፕሮግራም ትእዛዝ ሸጉጦ በሰርቨሩ የክንውን መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ካደረገ በኋላ፣ መዝገቡ ራሱ እንዲካተት ሊያደርግ ይችላል።

ስለሆነም ቅጽሉ ከ«ፋይል» አጠገብ እንዲውልና «ፋይል» የተሳቢ አመልካቹን «ን» እንዲይዝ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ቅጽሉ የፋይሉ መሆኑ ይታወቃል።

መ/ የቀረቡ ስያሜዎች

የፋይል ማካተት ተጋላጭነት፦ ፕሮግራም የሚያካትተውን ፋይል ስም ከተጠቃሚ ሳያጣራ በመቀበሉ የሚፈጠር ተጋላጭነት።

የውስጥ ፋይልን የማካተት ተጋላጭነት፦ የሚካተተው ፋይል በሰርቨሩ ላይ ሲገኝ።

የውጭ ፋይልን የማካተት ተጋላጭነት፦ የሚካተተው ፋይል ከሌላ ሰርቨር ሲመጣ።

የተፈቀዱ ፋይሎች ዝርዝር፦ ፕሮግራሙ ከእርሱ ውጭ ሌላ ፋይል እንዳያካትት የሚወሰንበት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ዝርዝር፤ የተጋላጭነቱ ዋና መከላከያ።