ብረቱ ከገባ በኋላ ያለው ዓመት

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ በቀዶ ጥገና ብረት የገባለት ሰው ቤቱ ሲመለስ ዘመድ አዝማድ «እንኳን እግዜር ማረህ» ይለዋል። ሕክምናው ግን ገና መጀመሩ ነው።

የብረቱና የብሎኖቹ ሥራ አጥንትን በቦታው መያዝ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተመራማሪዎቹ ራምሲና ሀሚልተን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት መሠረት፣ ታለስ የሚባለው የቁርጭምጭሚት አጥንት 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ከተንሸራተተ መገጣጠሚያው የሚነካካበት ስፋት በአማካይ በ42 በመቶ ይቀንሳል። ሸክሙ ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ ልም አጥንቱ እያለቀ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም አርትራይተስ ይከተላል። የደረቀውን መገጣጠሚያ ማፍታታትና የሰለለውን ባት ማጠንከር ግን ብረት አይችልም።

ብዙ ሕሙማን ለ6 ሳምንት ያህል እግራቸውን እንዳይረግጡ ይታዘዛሉ፤ ስኳር ያለበት ሰው ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋናው ለውጥ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ይታያል፤ ማታ ማታ የሚታየው እብጠት ግን እስከ ዓመት ሊዘልቅ ይችላል።

ጉድለቱ የሚታወቀው ኑሮ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ያለ ሰው ደረጃ መውረድ ይከብደዋል። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ሲል ተረከዙ ከመሬት ይነሳል፤ ስግደትና ሰላትም ይፈትኑታል። ጉድለቱን ለመለካት፣ ሐኪሙ «እርገጥ» ካለው በኋላ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ተረከዙን ሳያነሳ ጉልበቱን ግድግዳ ያስነካ። ደህናው እግር አራት ጣት ርቆ ሲያስነካ የተሰበረው ሁለት ጣት ላይ ከቀረ፣ ገና የሚሠራ ሥራ አለ ማለት ነው።

ይህን የሚመራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው፤ ክትትሉ የሚበጠሰውም እዚሁ ላይ ነው። ክሩ ከወጣ «ድኛለሁ» ብሎ የሚቀር ብዙ ነው። ለቀን ሠራተኛ ቀጠሮ ማለት የጎደለ ገቢና የታክሲ ሒሳብ ነው። ርቀቱም ሌላ ችግር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ የካዛንቺስ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛውሯል። ዘውዲቱ ሆስፒታል ቅርቡ የነበረ ሰው አሁን ለቀጠሮ በክራንች ከተማውን ማቋረጥ ግድ ሊለው ይችላል።

ክትትል ያጣ ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ነው፤ ሆኖም ብረት ያለበትን መገጣጠሚያ መጠምዘዝና አጥብቆ ማሰር አደገኛ ነው። ደም የታገደበት እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ግድግዳና ደረጃ በየጤና ጣቢያው አለ፤ የላስቲክ ገመድም ርካሽ ነው። የሚያስፈልገው ሕሙማኑ በተዛወሩበት ሰፈር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መመደብ፣ ሆስፒታሉም ሲያሰናብት በስም ወደዚያው መላክ ነው። የቀዶ ጥገናው ድካምና ወጪ ፍሬ የሚያፈራው ያን ጊዜ ነው።